«ሲስተም የለም» በሚባልበት ሰዓት ከርነሉ ምን እየሠራ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ «ሲስተም የለም» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች ምሬት በአንባቢያን አምዳችሁ ላይ በየጊዜው ይወጣል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣለው በኔትወርክ ወይም በመብራት ላይ ነው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ጥፋተኞች መሆናቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ የሰርቨር ክፍል ቁልፍ ይዤ ለዓመታት የሠራሁ ባለሙያ እንደመሆኔ መጠን፣ መብራቱም ኔትወርኩም በቦታቸው እያሉ ሲስተሙ ብቻ የሚጠፋበትን ቀን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከእነዚያ ቀናት በብዙዎቹ ምክንያቱ አንድ ነበር፤ የማሽኑን ማህደረ ትውስታ፣ ማለትም ሁላችንም ሜሞሪ ወይም ራም የምንለውን፣ የትኛው ፕሮግራም እስከ ምን ያህል መውሰድ እንደሚችል ወስኖ የጻፈ ሰው አልነበረም። ሰው ሳይወስን የተወውን ከርነሉ፣ ማለትም የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚመራው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ይወስነዋል፤ የሚወስነውም በሰላሙ ጊዜ ሳይሆን በጨነቀው ሰዓት ነው።

የደረሰብንን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሒሳብ ክፍል ባልደረቦች የዓመቱን ሪፖርቶች በአንድ ጊዜ ማውጣት ጀመሩ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሲስተሙ በሁሉም መስኮቶች ጠፋ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ተመለሰ። ከምሳ በኋላ እንደገና ጠፋ። ኔትወርኩን ፈተሽን፣ የዩፒኤሱን ባትሪ ፈተሽን፣ ስዊቹን አጥፍተን አበራን፤ በዚህ መካከል ሲስተሙ ለአምስተኛ ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። አመሻሹ ላይ የከርነሉን መዝገብ ስከፍት መልሱ ከረፋዱ ጀምሮ እዚያው ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ሜሞሪ አለቀ፣ ይህን ቁጥር የያዘውን የዳታቤዝ ፕሮሰስ ገድያለሁ የሚል መስመር አምስት ጊዜ፣ ከነሰዓቱ። ዳታቤዝ የመሥሪያ ቤቱን መረጃ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም፣ ፕሮሰስ ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው። ቀኑን ሙሉ ኬብል ስንነቅልና ስንሰካ ከመዋላችን በፊት ያንን መዝገብ አለማየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለባለሙያ ላልሆኑ አንባቢያን ነገሩን ላብራራ። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል አንድ ፕሮግራም አንድ ጊጋባይት ስጠኝ ሲለው እሺ ይለዋል እንጂ በዚያች ቅጽበት ምንም አይሰጠውም። ፕሮግራሙ የተፈቀደለትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነካው ብቻ፣ በተለመዱት ማሽኖች ላይ 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች እየቆረሰ ያቀርብለታል። ስለዚህ ከርነሉ ለሁሉም የገባው ቃል ቢደመር ማሽኑ ካለው ራም ሊበልጥ ይችላል። 600 የጥሪ ካርድ በትኖ 400 ወንበር እንደሚያዘጋጅ ደጋሽ ማለት ነው። ደጋሹ አላበደም፤ የተጠራው ሁሉ እንደማይመጣ፣ የመጣውም ሁሉ በአንድ ሰዓት እንደማይቀመጥ ከልምድ ያውቃል። ከርነሉም በቂ ምክንያት አለው፤ 10 ጊጋባይት የያዘ ፕሮግራም ራሱን አባዝቶ ልጅ ፕሮሰስ ሲፈጥር፣ ሁለቱ አንዱ እስኪጽፍበት ድረስ ያንኑ ገጽ ይጋራሉ እንጂ ሌላ 10 ጊጋባይት አይቀዳም። ለእያንዳንዱ ቃል ወንበር ይቀመጥ ቢባል ኖሮ፣ ጥቅም ላይ ለማይውል ቦታ ሲባል ብዙ ሥራ ይከለከል ነበር።

ችግሩ የሚመጣው የተጠሩት ሁሉ አንድ ቀን የመጡ እንደሆነ ነው፤ ለእኛ መሥሪያ ቤቶች ያ ቀን ሰኔ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከርነሉ ሌላ መላ ሲያጣ ከሚሠሩት ፕሮሰሶች አንዱን መርጦ ይገድላል። ምርጫው በዘፈቀደ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡም በዋናነት የሚሰላው ፕሮሰሱ ከራምና ከስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲጠብ በዲስክ ላይ ከሚገኘው መደገፊያ ቦታ፣ ምን ያህሉን እንደያዘ ታይቶ ነው። ብዙ የያዘ ይወጣል። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም፣ አንድ ትልቅ ፕሮሰስ ገድሎ ብዙ ቦታ ማስለቀቅ አሥር ትንንሾችን ከመግደል ይሻላልና። ነገር ግን በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዙት ሙሽሮቹ እንደሆኑ ሁሉ፣ በሰርቨር ላይም ብዙውን ሜሞሪ የሚይዘው ማሽኑ የተገዛለት ዳታቤዝ ራሱ ነው።

እኛ የምንጠቀመው ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ ይመድባል። ከርነሉ የገደለው ከመቶ ፕሮሰሶች አንዱን ብቻ ነበር። ሆኖም ያ ፕሮሰስ ለመሰናበት ፋታ በማይሰጠው ዘጠኝ ቁጥር ምልክት ስለተገደለ፣ ሁሉም የሚጋሩትን ሜሞሪ ምን አድርጎት እንደሞተ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለሆነም ዳታቤዙ ለጥንቃቄ ሲል የቀሩትን ዘጠና ዘጠኙንም ያሰናብትና ከመዝገቡ ተነሥቶ ራሱን ያድሳል። መስኮቱ ፊት የቆመው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» የተባለው በዚህች የመታደሻ ጊዜ ነው።

ቁጥሮቹን ስንመለከት አንድም ሰው ለብቻው አጥፍቷል ለማለት አስቸጋሪ ነበር። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ራም፣ ማለትም 16,384 ሜጋባይት ነበረው። ለዳታቤዙ የጋራ ሜሞሪ ከዚህ ሩቡ፣ 4,096 ሜጋባይት፣ ተመድቧል፤ ይህ የፖስትግሬስ መመሪያ ራሱ ለመነሻ የሚመክረው መጠን ነው። ሲጫን አብሮት የሚመጣው የግንኙነት ጣሪያ 100 ሲሆን አልተነካም። ለአንድ የመደርደር ወይም የማዛመድ ሥራ የሚፈቀደው ሜሞሪ ግን በመጀመሪያ 4 ሜጋባይት የነበረ ሲሆን፣ አንድ ባልደረባ የዘገየበትን አንድ ሪፖርት ለማፋጠን ወደ 64 ከፍ አድርጎት ነበር። ሪፖርቱ ፈጠነ፤ ተመሰገነ። ይህ ቁጥር የሚሠራው ለዳታቤዙ በጠቅላላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ግንኙነት፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ለእያንዳንዱ የመደርደር ሥራ መሆኑን ግን ማንም አላስተዋለም። መቶ ሰዎች ሁለት ሁለት እንዲህ ያለ ሥራ ቢይዙ 12,800 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከጋራው ጋር ሲደመር 16,896። ማሽኑ ካለው ራም በላይ ማለት ነው፤ በዚያው ማሽን ላይ ይሠራ የነበረውን፣ ለብቻው 6 ጊጋባይት የሚይዘውን የጃቫ አፕሊኬሽንና የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የራሱን ድርሻ ገና አልጨመርኩም። በቀድሞው 4 ሜጋባይት ተሰልቶ ቢሆን ግን ያው መቶ ሰው የሚፈልገው 800 ሜጋባይት ብቻ ነበር።

የአስተዳደሩ መልስ እንደሚጠበቀው ራም ይገዛ የሚል ሆነ። ወሩ ሰኔ ስለነበር፣ ሳይወጣ ቢቀር ተመላሽ የሚሆን በጀትም ስለነበር፣ ጥያቄው ያለ ብዙ ክርክር ጸደቀ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቦታው ነው፤ ማሽኑ የጎደለው ራም ሳይሆን ልክ ነበርና። በነገራችን ላይ፣ ብዙ ኃላፊዎች ራም የሚያስገዙት ባዶ የሚለውን ቁጥር አይተው ነው። ከ16 ጊጋባይት ውስጥ ባዶው 300 ሜጋባይት ብቻ ነው ሲባሉ ይደነግጣሉ። ሊኑክስ ግን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ራም አይወድም፤ የተረፈውን ሁሉ ከዲስክ የተነበቡ ፋይሎችን ለማቆያ ይጠቀምበታል፣ ፕሮግራም ሲጠይቅም አብዛኛውን ይለቃል። ለዚህም ሲባል እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የከርነል ስሪት 3.14 ላይ፣ ያለ ችግር ሊገኝ የሚችለውን መጠን ለይቶ የሚያሳይ ሌላ መስመር ተጨምሯል። መታየት ያለበት እርሱ ነው።

ግዢው በሂደት ላይ እያለ እኔ ወደ ከርነሉ መቼት ሄድኩ። ከአቅም በላይ ቃል መግባትን የሚቆጣጠረው ቁጥር ኦቨርኮሚት ሜሞሪ ይባላል፤ ሦስት ዋጋ አለው። ዜሮ ሲሆን፣ ሲጫን የሚመጣውም ይኸው ነው፣ ከርነሉ በግምት ይሠራል፤ በጣም የተጋነነውን ጥያቄ ብቻ ይከለክላል፣ በቅርብ ዓመታት ስሪቶችም የተጋነነ የሚባለው በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው ራምና ስዋፕ በላይ የጠየቀ ነው። አንድ ሲሆን ለማንኛውም ጥያቄ እሺ ይላል። ሁለት ሲሆን ግን ከርነሉ የገባውን ቃል ሁሉ እየመዘገበ ይደምራል፣ ድምሩ ከተቀመጠለት ጣሪያ ሊያልፍ ሲል እምቢ ይላል። የፖስትግሬስ መመሪያ ሁለትን ይመክራል። ሬዲስ የተባለው ሌላው ዳታቤዝ ደግሞ ራሱን አባዝቶ ወደ ዲስክ ስለሚጽፍ፣ የራሱ መመሪያ አንድ ይደረግ ይላል። ሁለቱን በአንድ ማሽን ላይ ጭኖ የሁለቱንም ምክር መፈጸም አይቻልም፤ ቁጥሩ ለማሽኑ በሙሉ አንድ ነውና። የትኛው ሥራ በየትኛው ማሽን ላይ ይሁን የሚለውን መወሰን የሰው ድርሻ ነው።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጥሩን ወደ ሁለት ቀየርኩትና ተደስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት የጃቫው አፕሊኬሽን አልነሣም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በዚህ አሠራር ጣሪያው የሚሰላው የስዋፑን መጠን ከራሙ መቶኛ ጋር በመደመር ሲሆን፣ መቶኛው ካልተነካ 50 ነው። ስዋፓችን 2 ጊጋባይት ስለነበር ጣሪያው 10 ጊጋባይት ላይ ቆመ፤ ዳታቤዙ 4፣ ጃቫው ሲነሣ የሚጠይቀው 6፤ ለሌላው ሁሉ ምንም አልተረፈም። መቶኛውን ወደ 80 ሳደርሰው ጣሪያው 14.8 ጊጋባይት ሆነ። ለመደርደር ሥራ የሚፈቀደውንም በጠቅላላው ወደ 8 ሜጋባይት አውርጄ፣ የሒሳብ ክፍሉ ሪፖርት ለሚያወጣበት አንድ የተጠቃሚ ስም ብቻ 64 ተውኩለት። መቶው ሰው ሁለት ሁለት ሥራ ቢይዝ አሁን የሚያስፈልገው 1,600 ሜጋባይት ነው።

ይህ አሠራር ዋጋ እንደማያስከፍል አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ጣሪያው ሲነካ ከርነሉ ማንንም አይገድልም፣ ግን የጠየቀውን እምቢ ይላል፤ እምቢ የተባለው ፕሮግራም ስሕተት አውጥቶ ይመለሳል። በደንብ ያልተጻፈ ፕሮግራም እምቢታን መቀበል ስለማያውቅ እዚያው ሊወድቅ ይችላል። ፖስትግሬስ ግን ያውቃል፤ ያንን አንድ ጥያቄ ብቻ ሰርዞ ሜሞሪ አልበቃኝም የሚል መልእክት ለጠያቂው ይልካል፣ የቀሩት ዘጠና ዘጠኝ ሰዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሪፖርቱን ደግሞ እንዲያወጣ መንገር ወይስ መስኮቱን ሁሉ መዝጋት? እኔ መጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ከዚህ ሌላ ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ ገደብ የማውጣት ችሎታ አለው፤ ባለሙያዎች ሲግሩፕ እንለዋለን። ሁለተኛው ትውልዱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው የከርነል ስሪት 4.5 ጀምሮ ይገኛል፣ በዛሬዎቹ ሰርቨሮች ላይ በአብዛኛው ተጭኖ ያለ ጥቅም ተቀምጧል። አስፈላጊነቱን ለማየት የድሮውን፣ በየፕሮሰሱ የሚጣለውን ገደብ ማስታወስ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ ግማሽ ጊጋባይት ብትፈቅዱ መቶ ፕሮሰስ 50 ጊጋባይት ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ ገደቡ ተጥሷል የሚል ግን የለም። ሲግሩፕ የሚቆጥረው የቡድኑን ድምር ነው። ሁለት ደረጃም አለው፤ ዝቅ ያለው ሲታለፍ ቡድኑ ይዘገያል፣ ገጾቹንም እንዲለቅ ይገፋል፤ ከፍ ያለው ሲነካና የሚለቀቅ ሲጠፋ ግድያው ይመጣል፣ የሚሞተውም ከዚያው ቡድን ውስጥ ነው። እኛ ሌሊት መጠባበቂያ ቅጂ የሚያወጣውን ሥራ ለብቻው ቡድን አስገብተን 1 ጊጋባይት ብቻ ፈቅደንለታል፤ ቢያብድ ራሱን ይጎዳል እንጂ ዳታቤዙን አይነካም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ቡድኑ ያነበባቸው ፋይሎች ማቆያም በሒሳቡ ውስጥ ስለሚገባ፣ ቁጥሩ ጣሪያው አጠገብ መቆሙ ብቻውን አያስደነግጥ። ሥራቸውን በኮንቴይነር፣ ማለትም እያንዳንዱን አገልግሎት ለብቻው አጥሮ በሚያሠራ ዘዴ፣ የሚያካሂዱ ባልደረቦችም አንድ አገልግሎት 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ጥሎ ከሞተ፣ ያ 128 ሲደመር የግድያው ምልክት ቁጥር 9 ስለሆነ፣ ኮዱን ከመክሰሳቸው በፊት ገደቡን ቢያዩ ጊዜ ይቆጥባሉ።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ትተው ዳታቤዙን ከግድያ ነጻ በማድረግ ብቻ ይገላገላሉ። ለአንድ ፕሮሰስ -1000 የሚል ማስተካከያ ከተጻፈለት ከርነሉ አይመርጠውም። ለዳታቤዙ ዋና ፕሮሰስ ይህን ማድረግ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጆቹ ያንኑ ከለላ ስለሚወርሱ፣ ካልተነሣባቸው በቀር ሜሞሪውን የሚጨርሱት እነርሱ ሆነው ሳለ የሚሞተው ሌላ ይሆናል፤ በርቀት ሆነን ማሽኑን የምንጠግንበት የመግቢያ አገልግሎት እንኳ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ከለላ የሰጠ ሰው ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ማሽን አይቻለሁ፣ ከርነሉ የሚገድለው አጥቶ ራሱ እንዲቆም ፈርዶበታል።

በዊንዶውስ ሰርቨር የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ይህ አይመለከተንም እንዳይሉ። ዊንዶውስ በእርግጥ ከራሙና ከፔጅ ፋይሉ፣ ማለትም የስዋፕን ሥራ ከሚሠራለት የዲስክ ፋይል፣ ድምር በላይ ቃል አይገባም፣ በዚህም ከሊኑክስ ይለያል። ሆኖም ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው ዳታቤዝ ሲጫን የሜሞሪ ጣሪያው 2,147,483,647 ሜጋባይት ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ይህም ጣሪያ የለውም ከማለት አይለይም። አስተዳዳሪው ቁጥሩን በማሽኑ ልክ እንዲያስተካክል ይጠበቃል። ስንቱ አስተካክሎ ይሆን?

በሌላ በኩል ጭፍን ገደብም አለ። የተረከብኩት የከርነል መቼት ፋይል ውስጥ ከሥራ የለቀቀ ባልደረባ የጻፈው የጋራ ሜሞሪ ጣሪያ አገኘሁ። ይህ መስመር በአንድ ወቅት የግድ ነበር፤ የሊኑክስ መነሻ ጣሪያ 32 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ዳታቤዝ የሚጭን ሁሉ ያንን ከፍ ማድረግ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፖስትግሬስ 9.3 የጋራ ሜሞሪውን በሌላ መንገድ መውሰድ ስለጀመረ፣ በዓመቱም በወጣው የከርነል ስሪት 3.16 ላይ መነሻው እጅግ ከፍ ስለተደረገ፣ መስመሩ ለእኛ ሰርቨር ከዚያ ወዲህ አላስፈለገም። ከማሽን ወደ ማሽን እየተገለበጠ ግን እኔ ዘንድ ደርሷል። ለምን እንደተጻፈ አጠገቡ አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ ለማጥፋት ሁለት ቀን ባልፈጀብኝ።

የታዘዘው ራም የደረሰው በጥር ነው። ሲደርስ ሲስተሙ በሜሞሪ ምክንያት ከወደቀ ስድስት ወር አልፎት ነበር፤ በአሮጌው 16 ጊጋባይት። ማሽኑ 32 በሆነ ማግስት የመጣው ጥያቄ፣ አሁንማ ቦታ አለና ግንኙነቱን 300 አድርግልን የሚል ነበር፤ የቆየው 64 ሜጋባይትም ለሁሉም እንዲመለስ ተጠየቅኩ። ሦስት መቶ ሰው ሁለት ሁለት ሥራ ሲይዝ 38,400 ሜጋባይት እንደሚሆን በወረቀት ላይ አስልቼ አሳየሁ፤ ወረቀቱ አሁንም በሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል።

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመሥሪያ ቤቶች የጨረታ ሰነድ የራሙን ጊጋባይት፣ የዲስኩን ዓይነት፣ የዋስትናውን ዓመት በዝርዝር ይጠይቃል፤ ሲስተሙን የሚያስረክበው ድርጅት ለየአገልግሎቱ ያስቀመጠውን የሜሞሪ ገደብ ከነስሌቱ ጽፎ እንዲያስረክብና በተጠቃሚ ብዛት ልክ ፈትኖ እንዲያሳይ የሚጠይቅ አንቀጽ ግን እኔ ባየኋቸው ሰነዶች ውስጥ አላጋጠመኝም። ገጽ የማይሞላ አንቀጽ ነው። ጋዜጠኞቻችሁም በሚቀጥለው ሰኔ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰልፍ ፊት ቆመው ኃላፊውን ሲያነጋግሩ፣ መቼ ይመለሳል ከሚለው ቀጥሎ፣ በጠፋበት ደቂቃ የከርነሉ መዝገብ ምን ብሎ ጻፈ ብለው እንዲጠይቁልን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ
አዲስ አበባ